ልጆችን ኮዲንግ ማስጀመር፦ ከግቢ እስከ ስክራች

ኮዲንግ ያለ ኮምፒውተር ይጀመራል። አንዱ ልጅ ኮምፒውተር ይሆናል፤ ሌሎቹ ከግቢው በር እስከ ቧንቧው የሚያደርሱትን ትእዛዞች ይጽፉለታል፦ «ሦስት እርምጃ ሂድ»፣ «ወደ ቀኝ ዙር»። እሱ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል፤ ግድግዳ ቢገጥመውም በራሱ አስቦ አይታጠፍም። ጸሐፊዎቹ ፊት ለፊቱ ቆመው የራሳቸውን ቀኝ ሲጽፉለት ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል፤ ሳቁም ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ስክራች ይጫናል። ስክራች በአሜሪካው ኤምአይቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ ነጻ ፕሮግራም ነው። የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን ማንበብ ላልቻሉት ስክራች ጁኒየር አለ። ብሎክ የሚባሉት ትእዛዞቹ በአማርኛም ይገኛሉ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ቅጂ አንዴ ከወረደ በፍላሽ ይዞራል፤ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ሰው ቢያመጣው ለሰፈሩ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ በስክራች መድረክ ላይ ያለችውን ድመት በካሬ መንገድ ማስኬድ ነው። ወጥመዱም ይኸው ነው። ልጁ «100 እርምጃ ሂድ» እና «90 ዲግሪ ዙር» የሚሉትን አራት አራት ጊዜ አፈራርቆ ይደረድርና ማስጀመሪያውን አረንጓዴ ባንዲራ ይጫናል። ድመቷ ንቅንቅ አትልም። በእውነቱ ግን ዞራ ተመልሳለች፤ ስምንቱ ትእዛዞች ዓይን ሳይዛቸው ስለሚያልቁና መድረሻዋ መነሻዋ ስለሆነ ነው የማይታየው። ይህን የማያውቅ አስተማሪ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ይላል፤ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ልጁም ትክክለኛ ሥራውን ያፈርሳል።

መድኃኒቱ ከየእርምጃው በኋላ «1 ሰከንድ ጠብቅ» የሚለውን ማስገባት ነው። ግን ቶሎ አትንገሩት! መጀመሪያ የታችኞቹን ስድስት ብሎኮች ነጥሎ ባንዲራውን ይጫን፤ ድመቷ ቦታ ስትለውጥ ያያል፤ የቀሩት ምን እንደሠሩ ራሱ ይጠይቃል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ከሰልፉ አናት ላይ ድመቷን ወደ መሀል የሚመልስና ፊቷን ወደ ቀኝ የሚያዞር ትእዛዝ ከሌለ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ካቆመችበት ስለሚቀጥል ምርመራው ሁሉ ይምታታል።

በዚህ ሁሉ መሀል ማውሱ ከልጁ እጅ አይውጣ። አዋቂው እጁን ኪሱ ውስጥ ቢከት ይሻላል። ኮምፒውተር ቢተርፍም እንኳ ሁለት ልጆችን በአንዱ ላይ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ትእዛዙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ስህተቱ የሚያዘውም አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ ነው።

ካሬው ሲሳካ ስምንቱ ብሎኮች በ«4 ጊዜ ድገም» ያጥራሉ። መጠበቂያው ግን ከድገሙ ውስጥ ይግባ።

ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ስክራች በራሱ ሴቭ አያደርግም። መብራት ድርግም ካለ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በየአዲሱ ብሎክ ሴቭ ይደረግ፣ ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ፍላሽ ይገልበጥ።

ትእዛዙ በጽሑፍ የሚሰጥበት ፓይተን የሚመጣው ልጁ በኪቦርድ ሳይቸገር መጻፍ ሲችል ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም ለወጣቶች የተዘጋጀ ስለሆነ የዘጠኝ ዓመት ልጅን በእሱ ማስጀመር አያዋጣም።