ለደጋ አጋዘን አደን የሚሆን ጫካ ስለ መምረጥ

የአጋዘን አደን የሚፈቀድበትን ጫካ እንዲያመለክት የተጠየቀ የወረዳ ሹም፤ ብዙ ጊዜ ባላገሩን ሰብስቦ «ትልቅ ቀንድ ያለው አጋዘን የታየው ወዴት ነው» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ የተመረጠ ጫካ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀንዳሙ ወንድ ሴት ፍለጋ ሩቅ ይዞራልና፤ የታየበት ሥፍራ ሁሉ የሚኖርበት ሥፍራ አይደለም። ስለዚህ ጫካውን መመዘን የሚገባው አስቀድሞ በሴቶቹና በግልገሎቹ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፤ ይልቁንም በባሌና በአርሲ ነው። ያገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቢያውቀውም፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ያወቁት አይቨር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ካደነው በኋላ ነው። በ1910 ዓ.ም. ሪቻርድ ላይዴከር ስለ እርሱ ጽፎ የሊቃውንት ስም አወጣለት። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቲቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ እንግዲህ እንደ እሪያ ቶሎ የሚተካ አውሬ አይደለም። ዛሬም ለመጥፋት ከተቃረቡት የዓለም እንስሳት ጋራ ይቈጠራል።

አጋዘኑ በብዛት የሚወደው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠውን ከፍታ ነው፤ ሆኖም ጫካው ጥቅጥቅ ባለበት እንደ ሙኔሳ ባለው ሥፍራ ዝቅ ብሎም ይገኛል። ቅጠል በል ስለ ሆነ ማለዳና ማታ ወደ መስክ ወጥቶ ይበላል፤ ቀኑን በአስታ ዱር ወይም ጥድ፣ ኮሶና አምጃ በበቀለበት ጫካ ተሸሽጎ ይውላል። ስለዚህ የሚፈለገው ጫካና መስክ የተጎራበቱበት ሥፍራ ነው። ስፋቱ አያታልል፤ ዳር የሌለው አንድ ወጥ ጫካ፤ በጨፌና በቁጥቋጦ የተከፋፈለውን አነስተኛ ጫካ ላያህል ይችላል። በሁለት ወገን እርሻ የያዘው ቀጭን ጫካ ግን መተው አለበት፤ የቆሰለ አውሬ ወደ ማሳ ይሸሻልና። አስታው በቅርብ የተቃጠለበትም ሥፍራ ለምለም ሣር አብቅሎ ዓይን ይስባል፤ ቁጥቋጦው እስኪያድግ ድረስ ግን መሸሸጊያ የለውም።

ከዚህ በኋላ ዱካ መመልከት ነው። ይህ ሥራ በቢሮ ተቀምጦ አይፈጸምም። ምድሩ ሲረጥብ የአጋዘን ኮቴ ከላም ኮቴ ጠበብና ሾል ብሎ ይታያል። የድኩላ ኮቴ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያልተለማመደ ሰው ግን የግልገል አጋዘን እየመሰለው ይሳሳታልና፤ ከትንሹ ኮቴ አጠገብ የእናቲቱ ትልቅ ኮቴ መኖሩን ይመርምር። አዲስ በጠጥ ያብለጨልጫል፤ የቆየው ይደርቅና ሲነኩት ይፈረፈራል። አዲሱና አሮጌው ባንድ ሥፍራ ተቀላቅለው ከተገኙ አውሬው አላፊ ሳይሆን ነዋሪ ነው። ወንዱ በቀንዱ የመታው ቁጥቋጦ ቢገኝ መልካም ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። ምርመራውም ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጊዜ፤ በበጋ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይደረግ፤ ባንዱ ወቅት የሞላው ጫካ በሌላው ሊጎድል ይችላልና።

የባላገሩ ቃል በጥንቃቄ ይሰማ። ገብሱን አጋዘን የበላበት ሰው ቍጥሩን ያበዛል፤ ግጦሽ እንዳይከለከል የሚፈራው ደግሞ ከቶ አላየሁም ይላል። ሁለቱም ስለ ኑሯቸው ይናገራሉና ሊቀየሙባቸው አይገባም። እረኛ ልጅን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ሹማምንት አሉ፤ ግልገል የተኛበትን ዋሻና ቁጥቋጦ ግን ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ባንጻሩም የእረኞች ውሻ በብዛት የሚገባበት ጫካ ለአደን አይመረጥ፤ ውሻ ግልገልን ያሳድዳል፤ ሴቲቱም ሥፍራውን ትለቃለች።

የነፋሱም ነገር አይረሳ። በተራራ ላይ ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ሽቅቡን ካሞቀችው በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። አዳኙ በማለዳ ከታች፤ ረፋድ ላይ ከላይ ሊቀርብ ካልቻለ፤ አውሬው ሽታውን ይዞ ያመልጣል፤ ወይም አዳኙ ከሩቅ እየተኮሰ ያቈስለዋል። እንግዲህ መንገዱ ከሁለቱም ወገን መኖሩ ይታይ።

ጫካው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚዋሰን እንደ ሆነ፤ በፓርኩ ውስጥ ማደን ክልክል ስለ ሆነ፤ ወሰኑ በወንዝ ወይም በሸንተረር ተለይቶ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋራ በመስኩ ላይ ይተያይ። ሹሙ የሚልከው ወረቀት የተመረመረበትን ቀን፤ የታዩትን ሴቶች፣ ግልገሎችና ወንዶች ለየብቻ ይግለጽ። ሴቶችና ግልገሎች ያልታዩበት ጫካ ቢሆን፤ አንድ ቀንዳም ወንድ ቢታይበትም እንኳ፤ ለዚያ ዓመት ሳይፈቀድ ይቈይ።