«ምነው ሞቴን ባገኘሁ» የሚል ሰው በቤታችሁ ሲኖር



በቋንቋችን ሞትን መጥራት የተለመደ ነው። እናት ለልጇ «እኔ ልሙትልህ» ትላለች፤ የደከመ ሰውም «ምነው ሞቴን ባገኘሁ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የፍቅር ወይም የድካም ንግግር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ተናጋሪው በእርግጥ ሕይወቱን ለማጥፋት ያስባል። ስለዚህ ቃሉን ለምደነዋል ብለን ማለፍ አይገባንም።

ሐሳቡ ከምን ይመጣል?

ከአገርና ከዘመድ መለየት፣ በመንገድ የሞቱ ወገኖች ኀዘን፣ ሥራ ማጣት፣ ቋንቋ አለማወቅ፣ በባልና በሚስት መካከል የሚነሣ ጠብ ሰውን በብርቱ ያስጨንቃሉ። ጭንቀቱ ሲበረታና ሲቆይ በሽታ ይሆናል። ይህ በሽታ እርግማንም ስንፍናም አይደለም፤ ሕክምና አለው። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው መሞትን ሳይሆን ከሥቃዩ መገላገልን ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

1. «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ከእንግዲህ አታገኙኝም» ብሎ መናገር፤
2. እንቅልፍና ምግብ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ መጠጥ ማብዛት፤
3. ንብረትን ማከፋፈል፣ ያለ ምክንያት መሰናበት፤
4. ከዚህ በፊት ራስን ለመግደል ሞክሮ ማወቅ።

ምን እናድርግ?

በቀጥታ ጠይቁ። በእኛ ባህል ከባድ ነገር በሆድ ይያዛል፤ ሲነገርም በዘወርዋራ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ግልጽ ጥያቄ ያስፈልጋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ለታላቅ፦ «አባባ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል ወይ?» ለታናሽም፦ «ወንድሜ፣ ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» በሉ። ብዙዎች መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብለው ይፈራሉ፤ እንዲህ አይደለም። የተጠየቀ ሰው ሸክሙን የሚያካፍለው ሰው ያገኛል።

ሳትቆጡ አድምጡ። «ኃጢአት ነው»፣ «ልጆችህን አታፍርም?» ማለት አፉን ያዘጋዋል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም አትማሉ።

ብቻውን አትተዉት። ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ወይም ቄስ በየተራ አብረውት ይሁኑ።

መድኃኒት፣ መርዝና የጦር መሣሪያ ከቤት አርቁ። የእስራኤል ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሣሪያቸውን በጦር ሰፈር እንዲተዉ አደረገ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን የሚገድሉ ወታደሮች ቁጥር በመቶ 40 ያህል ቀነሰ። ክፉው ሰዓት ያልፋልና፣ በዚያ ሰዓት መሣሪያ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወት ይተርፋል።

እርዳታ የት ይገኛል?

ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ በ101 ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም ደውሉ፤ ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) ውሰዱት። ነፍስን ለማዳን በሰንበትም መደወልና በመኪና መሄድ የተፈቀደ ነው፤ ሰንበት እስኪወጣ አትጠብቁ።

ጭንቀቱን ለመናገር የሚሻ ሰው ሌሊትም ሆነ ቀን በ1201 ወደ ኤራን ሊደውል ይችላል፤ ስሙን እንዲናገር አይገደድም።

በሌላ ጊዜ ወደ ኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪማችሁ ዘንድ አብራችሁት ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሆሊም በኩል ነው። ለሐኪሙ «ራሱን ያመዋል፣ ልቡን ያቃጥለዋል» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ስለ ሞት የተናገረውንም ንገሩት። አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ትንንሽ ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ይህን መስማት ለእነርሱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅ ያዛል።

ከሕክምናው በኋላም በየጊዜው ጎብኙት፤ ቡና ላይ ጥሩት። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እርሱ ቢደብቅም እናንተ ጠይቁት።