የመረጃ ተንታኝ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

«ቁጥር የሳይንስ ተማሪ ርስት ነው» የሚለው አስተሳሰብ በእኛ በአርት ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ይኖራል። ከመካከላችን ስለ መረጃ ተንታኝነት የሚጠይቅ ቢገኝ «እሱ የኮምፒዩተር ልጆች ነገር ነው» ተብሎ ይሸኛል። እኔም እንዲሁ አምን ነበር። ይህን ሙያ በግሌ መማር ከጀመርሁ ወዲህ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ።

የመረጃ ተንታኝ የሚባለው የተሰበሰበውን መረጃ መርምሮ፣ አጣርቶና አስልቶ ለአንድ ጥያቄ የታመነ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። የሚያስፈልጉትን ችሎታዎች በተራ እንመልከት።

አንደኛው፣ ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ መጠየቅ ነው። በ1976 እና በ1987 ዓ.ም. በአገራችን የተደረጉትን የሕዝብ ቆጠራዎች የዕድሜ ሠንጠረዥ የተመለከተ ሰው፣ በ0 እና በ5 የሚያልቁት ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በዝተው ያገኛቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ልዩ የወሊድ በረከት ወርዶ አይደለም። አንድ ገበሬ በ1976 ዕድሜያቸውን ተጠይቀው «የተወለድሁት ጣልያን የገባ ጊዜ ነው» አሉ እንበል። ጣልያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ስለ ሆነ ዕድሜያቸው 48 ያህል ነው፤ ቆጣሪው ግን «እንግዲህ 50 ይሆናሉ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ 50ን እንደ 50 ይቀበላል፤ የሚጠራጠረው ታሪክ ያነበበ ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ መረጃን ማጽዳት ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢመዘግብ፣ ለእኛ አንዲት ሴት ስትሆን ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናት። በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃንም ዓመቱ በስሕተት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ቢነበብ፣ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ዳሩ ግን ያልተበጠረ ጤፍ ጥሩ እንጀራ አይወጣውምና ሳይሠሩት ማለፍ አይቻልም።

ሦስተኛው፣ የስታቲስቲክስ ዕውቀት ነው። አምስት ነጋዴዎች በቀን 100፣ 120፣ 130፣ 150 እና 2000 ብር አተረፉ እንበል። አማካዩ 500 ብር ይሆናል፤ ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም እንኳ ወደ 500 የቀረበ የለም። በተራ ደርድረን መካከለኛውን ብንወስድ 130 ሆኖ የብዙዎቹን ኑሮ ይነግረናል። ደግሞም አብሮ መገኘትን ከምክንያት መለየት ያሻል። ጃንጥላ በበዛበት ወር ጎርፍም ይበዛል፤ ጎርፉን ያመጣው ግን ዝናቡ እንጂ ጃንጥላው አይደለም።

አራተኛው፣ መሣሪያ ነው። በኤክሴል መጀመር ይበቃል። ቀጥሎ መረጃን ከትልልቅ መዝገብ ለማውጣት ኤስኪውኤል፣ ለሰፊ ስሌትና ለሥዕላዊ መግለጫ ፓይተን ወይም አር ይከተላሉ። ቋንቋ ናቸውና እንደ ቋንቋ በየቀኑ ካልተለማመዷቸው ይጠፋሉ።

አምስተኛው፣ ያገኙትን ለሌላው ማስረዳት ነው። አለቃው ያልተረዳው ስሌት ከመሳቢያ አይወጣም። አለቃው ሊሰማው የማይወደውን ውጤት ሳያለዝቡ መናገርም የዚሁ ክፍል ነው።

እንግዲህ ከአምስቱ ስንቱ የእኛ ነው? መጠየቅ፣ መጠራጠር፣ የቃልን ትርጉም መመርመርና አጥርቶ መጻፍ በየቀኑ የምንማረው ነው። የቀረውን ግን ቁጭ ብለን መማር አለብን፤ «አርት ነኝ» ማለት ከሒሳብ ነጻ አያወጣም።

ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ የሚወሰነው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሁለት ጊዜ የተቈጠረችው ፀሐይ የሌላውን ድርሻ ትወስዳለች፤ ያልተቈጠረው ሕፃን ደግሞ ክትባት አይደርሰውም። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዚህን ወር ወጪያችሁን በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።