እግዜር ይስጥልኝ በስፓኒሽ

አርብ ቀን ነው፤ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። አንዲት እናት የገዙትን ድንች አህያቸው ላይ ለመጫን ከጆንያው ጋር ይታገላሉ። የማያውቁት ጎረምሳ መንገዱን ትቶ ጠጋ አለና ብድግ አድርጎ ጫነላቸው። «እሰይ የኔ ልጅ! እግዜር ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካህ!» አሉት። «አሜን፤ አብሮ ይስጠን እናቴ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ጆንያውን ማንሳት አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ምርቃቱ ግን ልጁን እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። እናት ምን እንዳደረጉ አስተውላችኋል? የማያውቁትን ሰው «የኔ ልጅ» አሉት። ውለታውን ደግሞ «እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም» ብለው ለፈጣሪ አስተላለፉት።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከልብ የተሰማቸውን ምስጋና ሲገልጹ «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» ይላሉ። ትርጉሙ «እግዜር ይክፈልዎ» ነው! የጋይንቷ እናት ይህን ቢሰሙ «አሜን» ለማለት አስተርጓሚ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

«ስፓኒሽ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ፣ በ1970ዎቹ ወደ ኩባ የተሻገሩትን ልጆች ያስታውስ። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በኦጋዴን ጦርነት ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎች፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ምድር ግማሹን ቀን እየተማሩ፣ ግማሹን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት ማሳ እየሠሩ አደጉ። ባሕር ተሻግሮ ለሄደ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቃል ውሃ መጠየቂያው ነው፤ ውሃው ሲሰጠው ደግሞ «ግራሲያስ»። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልትም በዚያ ጦርነት ከእኛ ጎን ለወደቁ ኩባውያን ጭምር በድንጋይ የተጻፈ «ግራሲያስ» ነው።

እናንተም በስፓኒሽ ማመስገን ጀምሩ። ሦስት ነገር ብቻ ያዙ።

አንደኛ፣ ውለታውን በስሙ ጥሩት። «ግራሲያስ» መልካም ነው፤ «ግራሲያስ ፖር ኤስፔራርሜ» ግን «ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ሰውየው ያደረገው ነገር እንደታየለት ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ክብሩን ጠብቁ። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው እነሱም «ቱ» እና «ኡስቴድ» አላቸው። ለጓደኛ «ቴ ሎ አግራዴስኮ»፣ ለትልቅ ሰው «ሴ ሎ አግራዴስኮ» ይባላል።

ሦስተኛ፣ ከሥራው አልፋችሁ ሰውየውን አመስግኑ። «ኤስ ኡስቴድ ሙይ አማብሌ» ማለት «እርስዎ በጣም ደግ ነዎት» ነው። ጆንያ ላነሳው ጎረምሳ «የኔ ልጅ» እንደማለት ነው።

አነጋገሬ ይበላሻል ብላችሁ አትፍሩ። የተሰባበረ ቃል ከልብ ከወጣ ይደርሳል፤ በልብ የቀረ ምስጋና ግን የትም አይደርስም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ? ምስጋናም እንደዚያው ነው።

ስፓኒሹ እስኪለመድ በአማርኛው ጀምሩ። አንድ ቀን ጆንያችሁን ያነሳላችሁ፣ ሳታመሰግኑት የቀራችሁ ሰው አለ፤ አስተማሪ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ታላቅ እህት። ዛሬውኑ ደውሉና ያደረገላችሁን በስሙ ጥሩለት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። ስፓኒሽ ተናጋሪ ቢሆን «ዴ ናዳ»፣ ምንም አይደል፣ ይላችሁ ነበር። የእኛው ሰው ግን «አብሮ ይስጠን» ይላችኋል፤ ልታመሰግኑ ደውላችሁ ተመርቃችሁ ትዘጋላችሁ።