ምዕራፍ 6፦ ከኩርፊያ በፊት

አንድ ክረምት ሙሉ ማታ ማታ ስልኬ ሲጮኽ ሆዴ ይረበሽ ነበር። አብሮ አደጌ ትዳሯ ታውኮባት፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ 4 ሰዓት ገደማ ትደውላለች። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ታወራኛለች። ስትጨርስ «እፎይ፣ አሁን ቀለል አለኝ» ብላ ትተኛለች፤ የእኔ ዐይን ግን ፈጦ ያድራል። አንድም ቀን «ዛሬስ ደክሞኛል» አላልኳትም። የከፋው ሰው ፊት አይነሳም ተብዬ ነው ያደግኩት። ጳጉሜን ላይ ግን ስልኳን ማንሳት ተውኩ። ምንም ሳልናገር ዘጋኋት። በኋላ በዘመድ ሠርግ ላይ ተገናኝተን «ምን በደልኩሽ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። አልበደለችኝማ! እንደደከመኝ ማን ነግሯት?

ብዙዎቻችን የምናውቀው እነዚህን ሁለቱን ነው፦ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መሸከም፣ ሲበዛ ደግሞ ማኩረፍ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ሲባል እየሰማን ስላደግን «አልችልም» ማለት ጭካኔ ይመስለናል። እኔ ግን ጭካኔው ያለው ኩርፊያው ላይ ነው እላለሁ። ያኮረፈ ሰው ሳይከስ ይፈርዳል፤ ሌላው ጥፋቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀጣል።

የቤተሰብ ሕክምናን ካስፋፉት አንዱ፣ በአርጀንቲና የተወለደው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሳልቫዶር ሚኑቺን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በቤተሰብ መካከል ስላለ ድንበር ጽፏል። በአንዱ ጫፍ ድንበራቸው የፈረሰ ቤተሰቦች አሉ፤ አንዱ ሲያዝን ቤቱ ሁሉ አብሮ ይናወጣል። በሌላው ጫፍ ድንበራቸው ግንብ የሆነ አሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይሰማም። ጤናማ የሚለው በመካከል ያለውን፣ ግልጽ ሆኖ ሰው የሚያስገባና የሚያስወጣውን ነው። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፈረሰው አጥር ተነሥቼ ግንቡ ላይ ደረስኩ።

ለቅሶ ቤት ጓዳ የገባ ሰው መካከለኛውን አይቶታል። የእድር ሴቶች ከበር ጀምረው እያለቀሱ ይገባሉ፤ ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ንፍሮውን ይጥዳሉ፣ ሽንኩርቱን ይከትፋሉ። ከሐዘንተኛዋ እኩል ቢወድቁ እሷን ማን ደግፎ ያነሳታል? ጀርመናዊቷ የአንጎል ተመራማሪ ታንያ ሲንገርና ባልደረቦቿም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ሰዎች የሌላውን ሥቃይ በራሳቸው ላይ እንደደረሰ አድርገው ለመካፈል ሲሠለጥኑ የእነሱም ስሜት አብሮ ተጎዳ። እነዚያው ሰዎች ርኅራኄን፣ ማለትም ለተጎዳው ከልብ መልካም መመኘትን ሲለማመዱ ግን መንፈሳቸው ተመለሰ። ማታ ማታ ስልክ ላይ የማደርገው የመጀመሪያውን ነበር፤ ደግነት ይመስለኝ ነበር እንጂ ከጓደኛዬ ጋር አብሬ መስመጥ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላች። አቦሉ ላይ መናገር አቃተኝ። ቶናው ላይ እንዲህ አልኳት፦ «የአንቺ ነገር ያሳስበኛል፤ መስማትም እፈልጋለሁ። ማታ ግን አቅም የለኝም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ስልኬን አላነሳም። ቅዳሜ ከሰዓት የአንቺ ነው። ባልሽ እጁን ካነሳብሽ ግን ሌሊትም ቢሆን መጥተሽ በሬን አንኳኪ።»

ዝም አለች። ፊቷ ጥቁር አለ። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ከሁሉም ትከብዳለች። «ግድ የለም፣ ደውይ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሲኒዬን በሁለት እጄ ይዤ ከንፈሬን ነከስኩ። የሰው ቅያሜ እንዳየን ሮጠን ካላጠፋነው የምንሞት ይመስለናል፤ ከፍቷት ትንሽ መቆየት ግን መብቷ ነው። ጀበናውን አስቀመጠችና «ቅዳሜ ስንት ሰዓት?» አለችኝ።

አነጋገሩን ልብ በሉልኝ። «አትደውይ» አላልኳትም፤ የተናገርኩት እኔ ስለማደርገው ነው። «እንግዳ አለብኝ» የሚል ሰበብም አልፈጠርኩም፤ ሰበብ ለነገ ሌላ ሰበብ ይወልዳል። የማልሰጠውን ስነግራት የምሰጠውንም ቀን ቆርጬ ነገርኳት።

ለታላቅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በቡና ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሉ አክስት ፊት ለፊት አይመለሱም። ወደ ታክሲ ሲሸኟቸው፣ ክንዳቸውን ደግፎ፣ «እቴቴ፣ ስለሚያስቡልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ፊት ሲነሳ ግን ሆዴ ይከፋል» ማለት ይቻላል። ካልሆነም የሚሰሙት ሰው ይላክ። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ሁሉን ራስህ ተናገር ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ሽማግሌ የምንልከው ለጋብቻና ለዕርቅ ከሆነ፣ ቅያሜ ሳይፈጠር በፊት ሰው መላክ ምን ነውር አለው?

ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለች። ለምዶባት ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እስኪያበቃ ጮኸ፤ ደረቴም አብሮት ይመታ ነበር። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መልእክት ላክሁላት፦ «ደህና አደርሽ? ስልክሽን አይቼዋለሁ። ቅዳሜ 9 ሰዓት እመጣለሁ፣ ቡናውን እኔ ይዤ።»