ሸሚዝና አውሮፕላን

ጥያቄ፦ ሥራን ወደ ውጭ አገር ማዛወር ለየትኛውም ኩባንያ እኩል ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። ልብስ ስፌት በቀላሉ ይዛወራል፤ ሙያው በወራት ይለመዳል። ግን እንደመጣ ይሄዳል። የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች ሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጋ፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ (ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ዕድል) እንደምታስወጣ ካስታወቀች በኋላ ነው።

አውሮፕላን ግን ሌላ ነው። ቦይንግ የ787ን ክንፍ ለጃፓን፣ ከአካሉ ከፊሉን ለጣሊያን ኩባንያዎች ሰጠ። አንዳንዱ ክፍል ሳያልቅ መጣ፣ አንዳንዱ አልገጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊደርስ የታሰበው የመጀመሪያው አውሮፕላን ለአንድ የጃፓን አየር መንገድ የተሰጠው በ2011 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የራሱን በ2012 ተረከበ። ቦይንግ በመሃሉ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘውን የአቅራቢውን ፋብሪካ እስከ መግዛት ደርሷል።

ስለዚህ ከደመወዙ ልዩነት በፊት ይህን ይመርምሩ፦ ሥራው ለብቻው ተቆርጦ ይወጣል ወይስ ከሌላው ጋር ተሳስሯል?