ከወዳደቀ ብረት መሣሪያ ስለ ማውጣት



«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በደጁ ያላለፈ የአዲስ አበባ ልጅ ይኖራል ብዬ አላምንም። ማዳበሪያውን በትከሻው ጣል አድርጎ ከበር ወደ በር እየዞረ አሮጌ ብረት፣ ጣሳ፣ ጠርሙስና ያለቀ ጫማ የሚገዛው ሰው የሰበሰበውን ወዴት እንደሚያደርሰው ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ከፊሉ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ሄዶ የቤት መሥሪያ ፌሮ ይሆናል። ከፊሉ ደግሞ ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወደሚባለው ሠፈር ይወርዳል። በዚያ ሠፈር ከበርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከባሌስትራ መጥረቢያና ቢላዋ ሲሠራ ብዙ ዘመን ኖሯል። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል የሚመታው የመኪና ቸርኬም የዚሁ ብልሃት ወንድም ነው።

ከመካከላችን ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የአዲስ መሣሪያ ዋጋም ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ወጣት ቢኖር ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን ሳያውቁ የገቡበት እንደሆነ ዓይን ያጠፋል፤ ከዚያም የባሰ ያመጣል።

አስቀድሞ ግን አንድ አሳፋሪ ነገር እናንሣ። አገራችን በማረሻና በማጭድ ስትበላ ኖራ ማረሻውን የሠራላትን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለች ስትሰድብ፣ «ቡዳ ነው» እያለች ከማዕድ ስታርቅ ኖራለች። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ስድቡ ዛሬም በአንዳንድ ቤት አለ። ብረት ሠሪ የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚገጥመው ማወቅ የሚፈልግ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13ን ይመልከት፤ እስራኤላውያን ማረሻቸውንና መጥረቢያቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው አገር ይወርዱ ነበር።

ወደ ሥራው እንመለስ። ከወዳደቀ ብረት የሚወጣ መሣሪያ ደኅና ወይም መጥፎ የሚሆነው ከእሳቱ በፊት፣ ገና ከክምሩ ሲመረጥ ነው። ብረት ሁሉ አንድ አይደለምና። ፌሮ ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ምንም ቢቀጠቀጥ የሚቆርጥ ስለት አይይዝም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከ100 እጅ 0.6 ያህል ካርቦን አለው፤ ለመጥረቢያና ለቢላዋ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አሮጌ ሞረድ ደግሞ 1 እጅ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ካርቦን ስላለው ስለቱ ብርቱ ነው፤ ሆኖም እንደ መስተዋት ይሰበራልና እንዳለ ሆኖ በመዶሻ ሊመታ ወይም ዕቃ ሊፈለቀቅበት አይገባም።

ለመለየት ከባድ አይደለም። ደኅና ሞረድ ወስዳችሁ የብረቱን ጠርዝ ሞርዱት። በቀላሉ ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ እየተንሸራተተ ካለፈ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ባሌስትራ በመካከል ሆኖ ሞረዱን እየታገለ ይቀበለዋል። የሞተር መሳያ ድንጋይ ያለው ደግሞ ፍንጣሪውን ይመልከት፤ የለስላሳው ብረት ፍንጣሪ ረዥምና ቀጥ ያለ ሲሆን ካርቦን የበዛበት ግን ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይበተናል።

ባሌስትራ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተሸክሞ የመጣ ብረት ስለሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ ባለሙያዎች የሚያውቁት ቀላል ዘዴ አለ። ብረቱን አጽድቶ በላምባ መቀባት፣ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ አድርቆ መጥረግ፣ ከዚያም በላዩ ጠመኔ ማሸት ነው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና መስመሩን ያሳያል። እንዲህ ያለው ቁራጭ ምንም ወፍራም ቢሆን ይጣል፤ መጥረቢያው በሰው እጅ ላይ እያለ እንዳይሰበር።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ማጠንከር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ማግኔት መያዝ እስኪተው ድረስ፣ ማለትም ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይግላል። ከዚያ ጥቂት አልፎ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ቀዝቃዛ ውኃ ባሌስትራን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዘይት የወጣው ብረት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አጥርቶ ቀስ ብሎ ማሞቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋ ገለባው ላይ፣ መመታት ላለበት መጥረቢያ ሐምራዊው ወይም ሰማያዊው ላይ ይቆማል። የተጠናቀቀ ቢላዋ ሲሳል ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ከመጠን በላይ ሞቆ ለስልሷል ማለት ነው፤ ሲስሉ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ መንከር ይህን ያድናል።

ያገኙትን ሁሉ እሳት ውስጥ መክተትም አያስፈልግም። የዛገ ፒንሳ ወይም መሮ ኮምጣጤ ውስጥ አንድ ቀን ቢውል ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል፤ ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል። የተጣበቀ ሞርሳ ናፍጣ ጠጥቶ ሲያድር ብዙ ጊዜ ይላቀቃል። የአሮጌ መዶሻ ወይም የመሮ ራስ ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ ከሆነ ግን ሳይሞረድ አይመታ፤ ከዚያ ጠርዝ የሚፈናጠር ቁራጭ ዓይን ያፈርሳል። እጀታው የወይራ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቀርፋፋ ሰው ብቻ ነው በባሕር ዛፍ የሚቸኩለው።

ስለ አደጋው ጠንከር ብዬ ልናገር። የነዳጅ በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ከእሳት ወይም ከብየዳ ጋር ሲገናኝ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ፀረ ተባይ የነበረበት በርሜል ምንም ቢታጠብ ለውኃም ለእህልም አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። የኤሌክትሪክ ተሸካሚ ምሰሶ ብረት ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ይዞ የመጣ ሻጭ ሲገኝ ደግሞ አለመግዛት ነው፤ በዚያ ክዳን ፈንታ በሌሊት የሚወድቅ ሰው አለና።

ከሁሉ የከፋው የጦር ሜዳ ብረት ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍላችን ጦርነት በተካሄደባቸው ቦታዎች ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች በአፈር ውስጥ ቀርተዋል። ልጆች የነሐስ ቀለህ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ብለው ይለቅማሉ፤ ከተተኮሰው ቀለህ አጠገብ ያልተተኮሰው እንዳለ አያውቁም። የዛገ መሆኑ ባሩዱን አያበርደውም። እንዲህ ያለ ነገር የታየ እንደሆነ አለመንካት፣ በመጡበት መንገድ መመለስ፣ ሌሎችን ከሩቅ ማስጠንቀቅ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው ማስታወቅ ነው። ዘመድ በዚያ አካባቢ ያለው ወጣት ይህን በስልክም ሆነ በደብዳቤ ለታናናሾቹ ይንገራቸው፤ ቆራሌውንም በደጃችን ሲያልፍ አስቁመን እንንገረው።